ራያ ያልመሰከረችለት ወንድም

«ሐሰንን ያስቀበርከኝ አነሰህና ደግሞ እናትህን ልትቀብር መጣህ?» ሸምሰዲን የግቢውን በር በሁለት እጁ ይዞ ጮኸ።

«አባባ፣ አንዴ ብቻ ዓይኗን ልያት...» አለ ልጁ የህያ ከውጭ። «መጠጡንም ጫቱንም ትቻለሁ። ወላሂ ተለውጫለሁ!»

«የሰካራም ወላሂ! አይሱዙውን ስትገለብጥም ደህና ነኝ ብለህ ነበር።»

ራያ ከአባቷ ጀርባ ቆማ ትሰማለች። ያ መኪና ሱሉልታ መንገድ ላይ ተገልብጦ ታናሽ ወንድሟን ሐሰንን ከገደለ ወዲህ፣ በዚህ የሰበታ ቤት የየህያ ስም ተነስቶ አያውቅም። እናቷ መብሩካ በሐዘኗ ላይ የጉበት በሽታ ተጨምሮባት አልጋ ይዛለች። ራያ ግን ከአባቷ ተደብቃ ቡራዩ ድረስ እየሄደች፣ የህያን ከሚሠራበት የብረት በር ብየዳ ቤት ትጠይቀው ነበር። ሲሰግድ፣ ለሐሰን ዱዓ እያደረገ ሲያለቅስ በዓይኗ አይታለች።

ይህንኑ በምትሠራበት የጫማ ፋብሪካ ለአለቃዋ፣ ከቻይናዋ ጓንዡ ለመጡት ለሽማግሌው ሚስተር ቻን አጫወተቻቸው። እሳቸውም አንድ የካንቶንኛ አባባል አስተማሯት፦ «ቲዩት ቶይ ዉን ጓት።» ከማህፀን ዳግም የወጣ፣ አጥንቱ ሳይቀር የተለወጠ ሰው ማለት ነው። የድምፁ መውጣትና መውረድ አስቸግሯት፣ ቆዳ እየቆረጠች ስትደጋግመው ዋለች። ሲሳካላት ሽማግሌው ሳቁና፣ «ለራስ አይባልም» አሏት በተሰባበረ አማርኛ። «ሌላ ሰው አየ፣ ሌላ ሰው ተናገረ።»

«እሺ፣ መለወጥህን ማን አየ?» አለ ሸምሰዲን አሁንም በሩን እንደያዘ። «እስቲ አንድ ምስክር ጥራ!»

የህያ እህቱን አየ። ስሟን ግን አልጠራም። ወይ ራያ! አንዲት ቃል ብቻ! ነገር ግን ተደብቃ መሄዷን አባቷ ቢያውቅ እሷንም ከዚያ በር ውጭ የሚያቆማት መስሏት ፈራች... አንገቷን ደፋች።

«ራያ፣ ማነው በር ላይ?» አለች እናቷ ከውስጥ፣ በደከመ ድምፅ።

«ጎረቤት ነው፣ እማዬ።»

መብሩካ በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ «የህያዬ መጣ?» እንዳለች አረፈች።

ከቀብር መልስ ራያ በድንኳኑ ውስጥ አባቷ እግር ላይ ወደቀች። «አባባ፣ እኔ አይቼዋለሁ! እውነቱን ነው፣ ተለውጧል...» ሴቶቹ ሐዘኑ ያስቀባጠራት መስሏቸው፣ «አይዞሽ፣ የአላህ ውሳኔ ነው» እያሉ ደግፈው ወደ ጓዳ ወሰዷት። ሸምሰዲን ፊቱን በጋቢው እንደሸፈነ ነበር። ዕጣ ፈንታ ለሰው ልጅ የምትሰጠው ጊዜ እንዲህ አጭር ነውን? ዛሬ የሚነገር እውነት ለሟቿ ምን ይሆናታል!

የህያ የእናቱን መቃብር አፈር ከእጁ ሳያጥብ፣ ከቀብሩ መልስ ከሰው ተለይቶ ከተቀመጠበት የድንኳኑ ጥግ ተነሳ፤ ጫማውን አድርጎ፣ ለአዲስ መጪዎች ቦታ በሚለቁ ሰዎች መካከል አልፎ ወጣ።