ዝግባውን ስናንኳኳ

እኔ በእንዲህ ዓይነት ወሬ የማላምን ሰው ነኝ፣ ጓደኞቼ ስለ ጋኔን ሲያወሩ «እኔን ካየ የሚሸሸው እሱ ነው» እያልኩ የምስቅ ሽማግሌ ነኝ፣ መልኬን ብታዩት ትፈርዱልኛላችሁ። ግን ይቺን ስሙኝ።

በዘጠናዎቹ መጨረሻ፣ ከዲላ ወጣ ብሎ፣ ትክል ድንጋዮቹን ሊያዩ የሚመጡ ጎብኚዎች በሚያርፉበት የሀገር በቀል ዕፅዋት ግቢ አትክልተኛ ነበርኩ፣ አትክልተኛ ስል ብርብራ ጥላ ስር ጋደም ብዬ ወፍ የምቆጥር ማለቴ ነው። ግቢው ለጉሬዛውም ለወፉም መጠጊያ እንዲሆን የተተከለ ነው፣ መሃሉ ላይ ግን ማንም ያልተከለው፣ ጫፉ የደረቀ ዝግባ ነበር። አንድ ቀን ኃላፊያችን «ጎብኚ ላይ ሳይወድቅ ዛሬውኑ ጣሉት፣ እምቢ ያለ ሥራውን ይልቀቅ» ብሎን ሄደ።

ከምሳ በኋላ እኔና ባልደረባዬ በራሶ መጥረቢያ ይዘን ሄድን። ጉሙ ወርዶ አምስት እርምጃ እንኳ አያሳይም፣ ሁልጊዜ የሚንጫጩት ወፎች ጭጭ ብለዋል። እኔ መቼ አርፌ እቀመጣለሁ፣ በራሶን ላስቀው ብዬ ግንዱን በመጥረቢያው ጀርባ አንኳኳሁና «ቤቶች! ልናፈርሳችሁ መጥተናል!» አልኩ።

ከውስጥ ኳ፣ ኳ፣ ኳ አለ።

እመኑኝ፣ ጆሮዬን ግንዱ ላይ ለጠፍኩ። ሁለቴ መታሁ፣ ሁለቴ መለሰ። ከዚያ ከዛፉ ሆድ፣ በጌዴኦኛ፣ ገና ከእንቅልፏ የነቃች የምትመስል ሴት «ማነው?» አለች። መጥረቢያዬን አቅፌ፣ ወደ ኋላ እየረገጥኩ በራሶ ጋ ደረስኩ።

«ሰማህ?» አልኩት።

«ምንም አልሰማሁም ጋሼ ታደሰ፣ በኢየሱስ ስም እንሂድ!» አለና መጥረቢያውን ጥሎ ሮጠ፣ ምንም ያልሰማ ሰው እንደዚያ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም።

ኃላፊው ተቆጥቶ መጣ። የሆነውን ስነግረው «እንግዲህ አባባ፣ ዛፉ አናገራቸው ብዬ ለበላይ ልጻፍ?» እያለ ሲያፌዝብኝ ጉሙ ገለጥ አለ፣ ምንቃሩ ላይ የብረት ቆብ የደፋ የሚመስል ትልቅ ወፍ ክንፉ ሹው ሹው እያለ መጥቶ፣ ግንዱ ላይ በጭቃ ከተደፈነ ቀዳዳ ፊት አረፈ። በቀረችው ጠባብ ስንጥቅ የሾላ ፍሬ ሲያቀብል ከውስጥ ሌላ ምንቃር ተቀበለው፣ ለካ ሚስቱ በጭቃ ራሷን ዘግታ እንቁላል ታቅፋ ኖሯል! ኃላፊው ቀና ብሎ አያቸውና «በሉ ተዉት፣ ዙሪያውን እጠሩና ጎብኚ አታስጠጉ» አለ። እፎይ! ያን ቀን የወጣልኝ ትንፋሽ ጉሙን የሚበትን ነበር። ያንኳኳችው ወፏ ናት፣ ድምፁም የጆሮዬ እርጅና ነው ብዬ ለራሴ ፈረድኩ።

ወፏ ጫጩቷን ይዛ በወጣች ቀን ግን በራሶ አጠገቤ መጥቶ «ጋሼ፣ ያኔ ሰምቼ ነበር፣ ፈርቼ ነው የዋሸሁት» አለኝ። «እርስዎ ግን ጀግና ነዎት።»

«እኔ? በምኑ?»

«ማነው ስትልዎ ‹እኔ ነኝ፣ አይዞሽ፣ አንነካሽም› አሏት እኮ፣ ያውም በጌዴኦኛ!»

ወዳጆቼ፣ እኔ ትንፍሽ አላልኩም፣ ጌዴኦኛዬም ከሰላምታ አያልፍም። ዝግባው በመትረፉ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል፣ ጉም በወረደ ቀን ብቻዬን ሆኜ ድምፄን ከሰማሁ ግን፣ የተናገርኩት እኔ መሆኔን አፌን በእጄ ዳስሼ አረጋግጣለሁ።