ዋጋዬ የዘለለችው ምዕራፍ

ዋጋዬ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ቤቷ ከጥሊሊ ከተማ ወጣ ብሎ ነው። አባቷ ደርበው ዛፍ እየቆረጠ ከሰል ያከስላል። ማታ ሲገባ ከፊቱ ላይ ዓይኑና ጥርሱ ብቻ ነው የሚታየው።

ደርበው ፊደል አልቆጠረም። የእግዚአብሔርን ቃል ሳይሰማ ግን አይመሽለትም። እግሩን ታጥቦ ደጃፉ ላይ ይቀመጥና፣ «በይ ልጄ፣ ዛሬስ ምን ይለናል?» ይላል። ዋጋዬም ከማቴዎስ ወንጌል በቀን አንድ ምዕራፍ ታነብለታለች። የሰማውን በማግሥቱ ሥራ ላይ ሲያሰላስለው ይውላል።

«ይኼ ቃል ባይኖር ድካሙን በምን እችለው ነበር?» ይላል።

አንድ ማክሰኞ ዋጋዬ ድክም አላት። ከትምህርት ቤት መልስ ውኃ ቀድታለች፤ ከሰል በጆንያ ሞልታለች። እናንተም ታውቁታላችሁ፣ ሰው ሲደክመው መጽሐፉም ድንጋይ ይሆንበታል። አባቷ ግን የዚያን ዕለት ቃሉን አጥብቆ ፈልጎት ነበር።

«አዝመራው ሐሙስ ጠዋት ቤቱን ጠቅልሎ ፓዊ ሊገባ ነው አሉ» አለ።

አዝመራው እንጅባራ የሚኖረው ታናሽ ወንድሙ ነው። የደርበውን ፈረስ ተውሶ አንካሳ አድርጎ ከመለሰው ወዲህ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ከተኳረፉ ሁለት ዓመታቸው።

«ልሂድና ልታረቀው? ወይስ ይቅር? እስቲ የዛሬው ምዕራፍ ምን እንደሚለኝ ልስማው።»

ዋጋዬ ምዕራፍ አምስትን ገለጠች። ወይ ጉድ፣ ርዝመቱ! ቢገልጡት ቢገልጡት አያልቅም። አባቷ አጎቷን እንደተቀየመው ታውቃለች። «ደስ የሚለውን ልንገረውና ልተኛ» አለች በልቧ።

«'የበደለህ ሰው እሱ ቀድሞ ይምጣ' ይላል» ብላ መጽሐፉን ከደነችው።

አያችሁ ልጆች? ሰንፋ ብቻ ቢሆን ምናለበት! ከራሷ ፈጥራ የእግዚአብሔር ቃል ነው አለች እኮ!

ደርበው፣ «እንግዲህ ቃሉ ካለ እኔ ምን እላለሁ» አለና ራቱን ሳይቀምስ ተኛ። ረቡዕ ማታ አንብቢልኝም አላላት። «ልቤ ሂድ ሂድ ይለኝ ነበር» አለና እንባውን በእጁ ጠረገ።

ዋጋዬ ሐሙስ ጎህ ሲቀድ መጽሐፉን አንሥታ የዘለለችውን ምዕራፍ ለራሷ አነበበችው። መባህን ከማቅረብህ በፊት ሂድ፣ አስቀድመህ ከወንድምህ ታረቅ ይላል። የተገላቢጦሽ! መጽሐፉ 'ሂድ' ያለውን ነው ለአባቷ 'ቅር' ብላ ያነበበችለት።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ደርበው ለሥራ ጫማውን ሲያደርግ እግሩ ሥር ወደቀች።

«አባዬ፣ ዋሸሁህ። እንደዚያ የሚል የለም። ሂድ ነው የሚለው። ደክሞኝ ነበር» ብላ አለቀሰች።

ደርበው ትክ ብሎ አያት። አልመታትም። ቢመታት ይሻላት ነበር።

«ደክሞኛል ብትይኝ እኮ ነገ እንሰማው ነበር» አላት። ቀጥሎም፣ «ተነሽ፤ እንሂድ» አለ።

በመጀመሪያው ሚኒባስ እንጅባራ ገቡ። መናኸሪያ ሲደርሱ አዝመራው የተሳፈረበት መኪና ሞተሩ ተነሥቶ ነበር። ደርበው መስኮቱን በመዳፉ መታ። አዝመራው ሲያየው ሰው እየገፋ ወረደ። ሁለት ሦስት ቃል በአገውኛ ተባባሉ፤ ከዚያ አንገት ለአንገት ተቃቅፈው ተላቀሱ።

«ከማክሰኞ ጀምሮ ትመጣለህ ብዬ መንገድ መንገዱን ሳይ ነበር» አለ አዝመራው። «እስከ ትናንት ማታ ዕቃ እንኳ ሳላስር ስጠብቅህ ነበር።»

ዋጋዬ አንገቷን ደፋች። ረቡዕ ሄደው ቢሆን ወንድማማቾቹ ሙሉ ቀን አብረው ሊበሉ፣ ሊጫወቱ ይችሉ ነበር። ያገኙት ግን አምስት ደቂቃ ነው። ረዳቱ «ግባ፣ ግባ!» አለና መኪናው ሄደ።

እግዚአብሔር ይቅር አላት፤ አባቷም ይቅር አላት። ዛሬም ማታ ማታ ታነብለታለች። የደከማት ቀን ደክሞኛል ትላለች፤ ያልተጻፈውን ግን አታነብም።

ልጆቼ፣ የእግዚአብሔርን ቃል በየዕለቱ፣ ቢደክማችሁም ትንሽ ትንሽ፣ እንደተጻፈው አንብቡ፤ ሰው ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቀው በእሱ ነውና።