የጉንጭ ማር

«ጠበቅ አድርገሽ ደቁሺው! እንደ ሕመምተኛ ቁስል አትነካኪው!» አለች አክስቷ።

ቃሪያ የብርጭቆውን ቂጥ ኪኒኖቹ ላይ ጫነችው። ከፀጉር ቤቱ ጀርባ ያለችው ጓዳ ጠባብ ናት። የራስ መታጠቢያው ቱቦ በግድግዳው ያልፍና ወለሉ ላይ ያንጠባጥባል፤ ከሥሩ የስንቱ ሴት ፀጉር ከአረፋ ጋር ተጋግሮ የበሰበሰ ምንጣፍ መስሏል። የኪኒኑ ዱቄት ይቦንና ጉሮሮ ድረስ ይመራል። የማሩ ባልዲ እዚያው፣ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል።

ማሩ ውስጥ አንዲት ዝንብ ገብታ ትንፈራገጣለች። አክስቷ በጥፍሯ አወጣቻትና ግድግዳው ላይ ጠረገቻት።

«ዝንብ ነበረበት እኮ፣ እትዬ።»

«ዝንብም የሚያርፈው ጣፋጭ ነገር ላይ ነው። ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ ይባላል፤ አንቺ ግን ስምሽም አፍሽም ቃሪያ!»

ዱቄቱ ማሩ ውስጥ ገባ፣ ተማሰለ፣ በጠርሙስ ተሞላ። «የጉንጭ ማር» ይባላል። ደንበኞች የሚያውቁት ከሥራ ሥር የተቀመመ መሆኑን ነው። ኪኒኑን የሚያውቁት አክስቲቱና የምትደቁስላት ቃሪያ ብቻ ናቸው። ቃሪያም አፏን ይዛ የኖረችው ወዳ አይደለም። እናታቸው ካረፈች ወዲህ እሷና እህቷ የሚኖሩት በዚህች ሴት ቤት ነው። አንዳንድ ሰው ደግሞ ሲያጎርስ ጣቱን አብሮ ያስውጣል፤ ጉርሻው ከሆድ ወርዶ ካለቀ በኋላም እየተነሳ ይወራል።

ታላቅ እህቷን፣ ከታጨች ጀምሮ፣ ሰው ሁሉ «ሙሽሪት» ነው የሚላት። የእጮኛዋ እናት አንድ ቀን ሳሎን ተቀምጠው፣ ከላይ እስከ ታች አይተዋት፣ «ልጄ አጥንት ሊያገባ ነው እንዴ?» ብለው ሳቁ። ሳቁ የእሳቸው ነበር፤ ሲበላት የኖረው ግን ሙሽሪትን ነው። በማግስቱ ከጉንጭ ማሩ ጠዋት አንድ ማንኪያ፣ ማታ አንድ ማንኪያ ጀመረች።

መጀመሪያ ጉንጯ ሞላ። «አማረብሽ!» ያላላት የለም። ወራት ሲቆጠሩ ግን ፊቷ እንደ ሳህን ክብ ሆኖ ቀላ፣ አብለጨለጨ። ማጅራቷ ላይ ሞራ ተቋጠረ። እጅና እግሯ ቀጥኖ ሆዷ ብቻ ተነፋ፤ ሆዷ ላይ በአለንጋ የተገረፈች ይመስል ወይን ጠጅ ሰንበር ወጣ። አንድ ጠዋት ቃሪያ ፊቷን ልትታጠብ ሳሙናውን ብታነሳ አጫጭር፣ ደረቅ፣ ጥቁር ፀጉር ተጣብቆበታል። ጉንጯን ከነካው በኋላ ነው ያየችው። ሳሙናውን እንደያዘች እህቷ ክፍል ገባች።

«አገጭሽን ትላጫለሽ እንዴ?»

ሙሽሪት በሩን ዘጋች። «ቀስ በይ! ከሠርጉ በኋላ አቆመዋለሁ። ለእትዬ እንዳትነግሪ፣ ታዝንብኛለች።»

ታዝንብኛለች! ቃሪያ ምራቋን ዋጠች፤ እሱም መረራት።

ይባስ ብሎ ትምህርት ቤት የክፍል ጓደኛዋ ስንጥር፣ በቅጥነቷ ስሙ የወጣላት፣ ሁለቱን ጉንጮቿን በጣቷ እየወጋች መጣች። «ጀለሴ፣ አየሽልኝ? ሁለተኛ ጠርሙሴን ጀምሬያለሁ። ስንጥር ማለት ድሮ ቀረ!»

«ቆሻሻ ነው። ጣዪው» አለቻት ቃሪያ።

«ኧረ ባክሽ! የአክስትሽን ገበያ ትዘጊያለሽ? ቀንተሽ ነው፣ ፋራ።»

ያን ዕለት ማታ ቃሪያ የሙሽሪትን ጠርሙስ መታጠቢያ ቤት ገለበጠችው። በፈላ ውሃ አጠበችው፣ አሸተተችው፣ ደግማ አጠበችው። ከዚያ ኪኒን ካልነካው ማር ሞላችና ቦታው መለሰችው። እጇን ስትታጠብ ለመጀመሪያ ጊዜ ንጹሕ ሆና ተሰማት። ለማንም አልተናገረችም።

ሙሽሪትም ሳታውቅ ማንኪያዋን ስትልስ ሰነበተች። ከቀናት በኋላ ምግብ ዘጋት። ደረጃ መውጣት አቃታት። «የሙሽራ ፍርሃት ነው» አለች አክስቲቱና ከዚያው ጠርሙስ ማሩን በላይ በላዩ አጎረሰቻት። ቅዳሜ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ትውከቷ ላይ ወድቃ አገኟት፤ ገላዋ በረዶ፣ ከንፈሯ አመድ።

ሆስፒታል ያገኘቻቸው ዶክተር ወጣት ሴት ናት። የደም ግፊቷን ለካች፣ ፊቷ ተለወጠ። የሙሽሪትን ሸሚዝ ገልጣ ሰንበሩን አየች።

«ምን መድኃኒት ትወስዳለች?»

«ምንም!» አለች አክስቲቱ። «የተፈጥሮ ማር ብቻ ናት የምትቀምሰው። ይኸው።» ጠርሙሱን ከቦርሳዋ አወጣች።

ዶክተሯ ከፍታ አሸተተችው፤ በጣቷ ነክታ ቀመሰችው። «ማር ነው» አለች ግራ ተጋብታ። «ግን ይህ ፊት፣ ይህ ሰንበር ስቴሮይድ የሚባለውን መድኃኒት ለብዙ ጊዜ የወሰደ ሰው ነው። በድንገት ያቆመ ሰው ደግሞ ልክ እንዲህ ነው የሚወድቀው። እባካችሁ፣ የወሰደችው ነገር ካለ ንገሩኝ። ካላወቅሁ በዳበሳ ነው የማክመው፤ በዳበሳ ደግሞ ትሞትብኛለች።»

በድንገት ያቆመ ሰው። ቃሪያ እጆቿን አየቻቸው። ያን ማታ ታጥባ ያነጻቻቸው እጆች ናቸው። የአክስቷ ጥፍር፣ ያ የዝንብ ማውጫ ጥፍር፣ ከክንዷ ሥር ገብቶ ቆነጠጣት።

«አሁን ነው ማር የሆነው፣ ዶክተር» አለች ቃሪያ።

«ምን አልሽ?»

«በፊት ኪኒን ነበረበት። እኔ ነኝ የምደቁሰው። በሌላ ማር የቀየርኩትም እኔ ነኝ። እሷ አታውቅም።»

«ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል!» አለች አክስቲቱ በጥርሷ መሃል።

ዶክተሯ ነርሱን ጠርታ መርፌ አዘዘች፣ ግሉኮስ ተሰቀለ። ብዙ ቆይቶ የሙሽሪት ጣቶች ሲንቀሳቀሱ ነው ወደ ቃሪያ የዞረችው።

«ኩላሊት ላይ ቆብ የመሰለች ዕጢ አለች» አለቻት። «ሰውነት ሲጨነቅ የሚያቆመውን ሆርሞን የምታመነጨው እሷ ናት። ኪኒኑ በየቀኑ ከውጭ ሲመጣላት ሥራዋን ትታ ትተኛለች። ኪኒኑ ድንገት ሲቀር ደግሞ ቶሎ አትነቃም። ቀስ በቀስ ነው የሚቆመው፣ በሐኪም።»

«የጣልኳት እኔ ነኛ?»

ዶክተሯ የግሉኮሱን ጠብታ አስተካከለች። «ዕጢዋን እንድትተኛ ያደረጋት ሌላ ነው። ድንገት የነጠቅሻት ግን አንቺ ነሽ። ደግነቱ ተናገርሽ።»

ኮሪደሩ ላይ አክስቷ እጇን ይዛ ወደ ጥግ ጎተተቻት። ሽቶዋና ላቧ ተቀላቅሎ ይከረፋል። የጓዳው ቁልፍ በጣቷ ተንጠልጥሏል።

«ስሚኝ። ሮጠሽ ሂጂና ያለውን ሁሉ ቱቦ ውስጥ ድፊው። ደንበኞቹን እኔ ‹ተበላሽቷል፣ ዛሬውኑ ጣሉት› እላቸዋለሁ። አንቺ፣ እኔ እኮ ነኝ ያሳደግኩሽ! ያዢ!»

ቃሪያ ቁልፉን አየችው። ቀዳዳው ውስጥ ማር ደርቆበታል፤ ማሩ ላይ ፀጉር። ዛሬውኑ ጣሉት። ስንጥር ጉንጮቿን በጣቷ እየወጋች ስትስቅ ታየቻት፤ ቀጥሎ እንደ ሙሽሪት ወድቃ።

ቁልፉን ሳትይዝ ወደ ክፍሉ ተመለሰች።

«ዶክተር፣ ሌሎችም አሉ። ስልክዎን ያውሱኛል?»

ቁጥሩን በቃሏ ታውቀዋለች። ስንጥር አፏ ውስጥ የሆነ ነገር እያላመጠች አነሳች።

«እኔ ነኝ። ማሩን እንዳትጥዪው፣ ማንም ቢልሽ። ይዘሽው አሁኑኑ ሆስፒታል ነይ።»

«አንቺ! ቆሻሻ ነው፣ ጣዪው አላልሽኝም? ሙድ ትይዥብኛለሽ?»

የዱቄቱ ምሬት ጉሮሮዋ ድረስ መጣ።

«ቆሻሻ ነው» አለች ቃሪያ። «ይዘሽው ነይ። በሩ ላይ እጠብቅሻለሁ።»