ያልተዘመዘመ ጠርዝ

ፍቅር በአበባ ይጀመራል የሚሉ ሰዎች ውሃ ቋጥሮ አልለቅ ካለ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ፊት ቆመው አያውቁም። የእኔ የተጀመረው በባልዲ ነው።

ልብስ ሰፊ ነኝ። አዲስ ጨርቅ ሳላጥብ አልቆርጥም፤ ከተሰፋ በኋላ ከጠበበ ተወቃሿ እኔ ነኝ። አንድ ቀን ማሽኑ አጥቦ ሲያበቃ ውሃውን እንደያዘ ቀረ። አብራኝ የምትኖረው አክስቴ የሰፈሩን ጠጋኝ ጠራች።

ጠጋኙ ረጅም፣ ቁጥብ ሰው ነበር። መጀመሪያ ሶኬቱን ነቀለ። ከኋላ ያለው ቱቦ አለመታጠፉን አየ። ከዚያ ከታች ያለችውን የፓምፑን ማጣሪያ ክዳን ቀስ እያለ እያላላ ውሃውን በዝርግ ሳህን ተቀበለ፤ እኔ ወደ ባልዲ እየገለበጥኩ አመላለስኩ። ሳህኑን ስንቀባበል ዓይናችን ተጋጨ። ቀድሜ ያቀረቀርኩት እኔ ነኝ።

ማጣሪያው የክር ትብታብ ታቅፎ ወጣ።

«ጠርዙን ዘምዝመሽ ብታጥቢው ጨርቁ አይተረተርም» አለ።

«እኔ ስለ ፓምፕ አስተምሬሃለሁ?»

«ገና አላስተማርሽኝም» አለና ፈገግ አለ።

ከዚያ በኋላ በየሁለት ቀኑ ብቅ ይል ጀመር።

«ማሽኑ እንዴት ነው?»

«ሰላም ብሎሃል።»

ትንሽ ቆሞ መርፌዬን ያይና ይሄዳል። አክስቴ «ይሄ ሰው ማሽኑን ሊያገባ ነው እንዴ?» ትላለች። እኔ አልስቅም። ግን በማይመጣበት ቀን ስፌቴ ይጣመም ነበር።

በወሩ ማሽኑ እንደገና ውሃውን ቋጠረ። ጎረቤታችን ጠጋኞች ተመልሰው እንዲጠሩ ብልሽት ትተው ይሄዳሉ ብላኝ ነበር። ይህን ይዤ ጠበቅሁት። ገና ከመግባቱ እንዲህ አልኩት፦

«ሆን ብለህ ነው አይደል? መምጫ ሰበብ ፈልገህ።»

ሊከፍተው የነበረውን የመሣሪያ ሳጥን መልሶ አነሳ።

«እስከ ዛሬ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም» አለና ወጣ። በሩን እንኳ አላላተመውም። ቢያላትመው ይሻለኝ ነበር።

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ ልጄ» አለች አክስቴ።

ሶኬቱን ነቀልኩ፤ እሱ እንዳደረገው ውሃውን ቀድቼ ማጣሪያውን አወጣሁ። ሰማያዊ ክር ተጠምጥሞበታል። በዚያው ሳምንት ገዝቼ፣ በእልህ ሳልዘመዝም ካጠብኩት ጨርቅ የተተረተረ ነው።

ይቅርታ መጠየቅ ሴትን ያስንቃል የሚሉ አሉ። ይበሉ። የሚያስንቀው ሰውን በሐሰት ከስሶ ተኮፍሶ መቀመጥ ነው። እጅጌዬ እንደራሰ ወደ መጠገኛ ሱቁ ሄድኩ። ሁለት ደንበኞች ነበሩ፤ እንዲሰሙ ድምፄን አልቀነስኩም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ነግረኸኝ በእልህ አልሰማህም። ስምህንም ያለ ሥራህ አጠፋሁ።»

አንደኛው ደንበኛ ጉሮሮውን ጠረገ። ጠጋኙ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆየ፤ የተጠረገውንም ደግሞ ጠረገው።

«ማሽኑን አላበላሸሁም» አለ በመጨረሻ። «ሰበብ መፈለጌ ግን እውነት ነው።»

ፊቴ ሲግል ተሰማኝ።

«እንግዲያውስ» አልኩት፣ «ያለ ሰበብ ና።»

በማግስቱ ሳጥኑን ሳይዝ መጣ። ባዶ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት በሩ ላይ ቆመ። ያዝኩለት።