ሰባት ጥያቄ ከአድናቂዎ

ይህን የምጽፈው ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም። ፍርሃቱን እኔ ራሴ ጨርሼዋለሁ... ለእናንተ የተረፈ የለም።

የሆነው ሐሙስ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ።

ፀሐይዋ ቦግ ብላለች፣ መንገዱ ላይ ሰው ይተላለፋል። መብራት ጠፍቶ፣ ውሻ አልቅሶ የሚል ታሪክ ከፈለጋችሁ ሌላ ሰው ጠይቁ። እኔ የማወራው የሆነውን ነው።

መጋረጃ ሰፊ ነኝ። ከጋሽ ዜማ ጋር አንድ ግድግዳ እንጋራለን። ጋሽ ዜማ ያለው ሰፈሩ ነው እንጂ በዘመኑ ስሙን የማያውቅ አልነበረም። ድምፁ የሚያባባ፣ ጠባዩ የሚያስለቅስ ዘፋኝ። የስፌት መኪናዬ ሲሰለቸው ግድግዳውን በጫማው ይደበድባል። እኔ ደግሞ እልህ ይዞኝ ፔዳሉን አብሼ እረግጠዋለሁ። አሥራ ስምንት ዓመት እንዲህ ስንፋቀር ኖርን።

በዚያ ሳምንት ግን ሆዱ ባብቶ ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ ቅዳሜ ማታ መድረክ ሊወጣ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ሬዲዮ ላይ በቀጥታ ይጠየቃል።

"ነይ እስኪ ጠይቂኝ" አለኝ። "አፌ ዝጓል። ልለማመድ።"

"እኔ ጋዜጠኛ ነኝ እንዴ ጋሼ?"

"ማንበብ ትችያለሽ አይደል? አንብቢ።"

አንድ ሉክ ወረቀት ሰጠኝ። በበሩ ሥር ሾልኮ ገብቶ ነው ያገኘው። ከደብተር የተገነጠለ፣ ጠርዙ ቢጫ የሆነ። ጽሕፈቱ ክብ ክብ ያለ የልጃገረድ ጽሕፈት ነው።

"ሰባት ጥያቄ፣ ከአድናቂዎ" ይላል። ስም የለውም።

ጉሮሮዬን ጠራርጌ እንደ ጋዜጠኛ ተኮፈስኩ።

"አንድ። መዝፈን ያስተማረዎ ማን ነው?"

ጋሼ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ፎቶ አየና ፊቱ ፈካ።

"እናቴ ናት። ልብስ ስታጥብ ታንጎራጉራለች፣ እኔ ገንዳው አጠገብ ቁጭ ብዬ እቀበላታለሁ።"

ያኔ ነው የሰማሁት... ከግድግዳው ማዶ።

ጧ... ጧ... ጧ...

ጭብጨባ። ዝግ ያለ። የአንድ ሰው እጅ።

"ሬዲዮሽን ሳትዘጊ ነው የመጣሽው" አለ ጋሼ።

"ይሆናል" አልኩ።

ሬዲዮ አልከፈትኩም ነበር። ከግድግዳው ማዶ ያለው የኔ ቤት ነው። ብቻዬን ነው የምኖረው። ቁልፉም ኪሴ ውስጥ ነው።

"ሁለት። የመጀመሪያው መሣሪያዎ ምን ነበር?"

"የአጎቴ ጊታር። ያቻት፣ አሁንም አለች። ሦስት ክር ብቻ ነበር የቀራት።"

ጧ... ጧ...

ሦስተኛው ላይ "እርስዎ" የሚለው ቀርቷል።

"ሦስት። መድረክ ላይ ሰው ያሳቅህባት ልጅ... ፊቷ ትዝ ይልሃል?"

ጋሼ በሳቅ ፈነዳ። ታሪኩን እዚያው ነገረኝ። ዝናው ጣራ በነካበት ጊዜ አንዲት ልጅ ጥያቄዎች ጽፋ ትልክለታለች። እሱ ወረቀቱን መድረክ ላይ ይዞ ይወጣና ድምፁን አቅጥኖ፣ እየተሽኮረመመ ያነበዋል። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ልጅቷ ከፊት ረድፍ ነበረች።

"ምን ብታደርግ ጥሩ ነው?" አለኝ። "አጨበጨበች። ሰው ሁሉ ካቆመ በኋላ ብቻዋን... አላቆም አለች። ጥበቃዎች ናቸው ጎትተው ያስወጧት።"

"ፊቷስ?"

"ምን ፊት አላት እሷ። አላስታውስም።"

ከግድግዳው ማዶ ጭብጨባ አልመጣም።

ሥራ አለብኝ ብዬ ወጣሁ።

ቤቴን ከፍቼ ገባሁ። ማንም የለም። ግን የስፌት ወንበሬ ከመኪናው ተነስቶ ግድግዳው ሥር ተቀምጧል። ፊቱን ወደ ጋሼ ቤት አዙሮ...

ትርኢት እንደሚያይ ሰው።

ዓርብ ረፋዱ ላይ፣ ፍርሃቴን በሳቅ ልወጣው ብዬ ወደ ጋሼ ሄድኩ።

"ጋሼ፣ እናትህን አቧራ ጨረሳቸው እኮ። ፎቶውን ወልውለው።"

"የማንን እናት?"

"ያንተን ነዋ።"

ተነስቶ ፎቶውን አፍጥጦ አየው። "ይህቺን ሴትዮ አንቺ ነሽ የሰቀልሻት? ማናት?"

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

ጊታሩን አንስቼ ሰጠሁት። በሁለት እጁ እንደ አካፋ ያዘው። አገላበጠው። "ይሄስ የማን ዕቃ ነው?"

የመለሳቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። የሄዱበትም ነገሮች ሁለት።

"ጋሼ፣ ያን ወረቀት ተወው። ነገም አትሂድ።"

"ቀናሽ?"

"ምን አስቀናኝ..."

"አሥራ ስምንት ዓመት በመኪናሽ ስትበጠብጪኝ ኖርሽ። አሁን ልነሳ ስል ታሟርቺብኛለሽ። የተጠራሁት እኔ ነኝ። አንቺ መጋረጃሽን ስፊ።"

ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ዓይኔ ሰባተኛው ላይ አረፈ።

"ከዘፈኖችህ ሁሉ አብልጠህ የምትወደው የትኛውን ነው?"

የትኛውን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ቅዳሜ መድረኩን የሚከፍትበት ነው። እኔም የተዳርኩበት ዘፈን ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ካሴቱን ገዝቶ ያመጣልኝ ቀን ሊበጠስ እስኪደርስ ነው የሰማነው። ጋሼ ያለዚያ ዘፈን ባዶ ሽማግሌ ነው።

"ይቺኛዋን ለነገ አስቀምጫታለሁ" አለ፣ አሻግሮ አይቶ። "ቢጠይቁኝ ደስ ይለኛል።"

ወረቀቱን ቀማሁትና ሮጥኩ። ከኋላዬ ሲሰድበኝ ሰፈር ይሰማል። ምድጃዬ ላይ አድርጌ አመድ እስኪሆን አየሁት።

ገላገልኩት አልኩ።

ቅዳሜ፣ ጠዋት አራት ሰዓት። ሬዲዮ ከፈትኩ። ጋሼ ይቀልዳል፣ ጋዜጠኛው ይስቃል። ደህና ነው... ደህና ነው...

"አንድ አድማጫችን በወረቀት የላከችልን ጥያቄ አለ" አለ ጋዜጠኛው። "ወረቀቱስ የአያቴን ዘመን ይመስላል። ጠርዙ ቢጫ ሆኗል።"

መቀሱ ከእጄ ወደቀ።

"ከዘፈኖችህ ሁሉ አብልጠህ የምትወደው የትኛውን ነው?"

"አትመልስ" አልኩት ሬዲዮውን። "ጋሼ፣ በእናትህ..."

በእናቱ ማለቴ። በየትኛዋ እናቱ።

ትንፋሽ ሲስብ ሰማሁት። "እሱማ ምን ጥያቄ አለው" አለ። የዘፈኑን ስም ጠራ።

ጧ... ጧ... ጧ...

ከሬዲዮው አልነበረም። ከግድግዳውም አልነበረም።

ከኋላዬ ነበር።

አልዞርኩም።

ማታ አዳራሹ ሞልቶ ነበር አሉ። ባንዱ መግቢያውን ተጫወተ። ጋሼ አፉን ከፈተ... ምንም። እንደገና ተጫወቱ። ምንም። በሦስተኛው አንድ ሰው ሳቀ። ቀጥሎ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ።

አሁን ጋሼ ቀኑን ሙሉ በሩ ላይ ይቀመጣል። ግድግዳዬን አይደበድብም። ፔዳሉን ብረግጥ ብረግጥ... ዝም። ቢሰድበኝ ምን ነበረበት እላለሁ።

የሚያወራው ሰው ሲያልፍ ብቻ ነው። ፖስተኛው ይሁን፣ እኔ ልሁን፣ ፂማሙ ባለ ሱቅ ይሁን፣ ፊታችንን አይቶ ወደ ኋላ ይሸሻል።

"መልሼልሽ የለም ወይ?" ይላል በሹክሹክታ። "ምን ቀረሽ? ተይኝ በቃ።"

ፊቷን አላስታውስም ብሎ ነበር። አሁን ሌላ ፊት አያይም።

ትናንት ካሴቱን ከፈትኩት። ሙዚቃው አለ። ድምፁ መግባት ያለበት ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ጋሼ የለም።

ጭብጨባ ብቻ። የአንድ ሰው እጅ።

ዛሬ ጠዋት ልሠራ ስቀመጥ የመኪናዬ መርፌ ሥር አንድ ሉክ ወረቀት አገኘሁ። ጠርዙ ቢጫ ነው። ጽሕፈቱ ክብ ክብ ያለ።

"አንድ። ስፌት ያስተማረሽ ማን ነው?"

መልሱን አውቀዋለሁ። እንዴት አላውቀውም። ምላሴ ጫፍ ላይ ነው።

ይህን ሁሉ በጽሑፍ የነገርኳችሁም ለዚህ ነው። ከጠዋት ጀምሮ አፌን አልከፈትኩም።

ከመኪናው ተነስቼ አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። የስፌት ወንበሬ ዞሯል። አሁን ፊቱ እንደ ሐሙሱ ወደ ግድግዳው አይደለም፣ ወደ እኔ ነው።

ማንም የለበትም...

ግን የመቀመጫው ትራስ መሐሉ ጎድጎድ ብሏል።