ያልታመመ ጥርስ

«እስኪ አፍሽን ክፈቺልኝ» አለ የጥርስ ሐኪሙ ዶክተር ቴዎፍሎስ፣ መብራቱን ወደ ፊቷ እያወረደ።

ሠርክአዲስ ከንፈሯን ገጥማ ጣሪያ ጣሪያውን አየች። ከአጠገቧ የቆሙት አክስቷ እትዬ ደጊቱ ትዕግሥታቸው አለቀ።

«ክፈቺለት እንጂ ልጄ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።»

እትዬ ደጊቱ ዛሬ ገበያ ሲመጡ ስንቅ ይዘውላት ወደ ኪራይ ቤቷ ጎራ ብለው ነበር። ልጅቱ ስታወራ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ስትበላ ፊቷን ታዞራለች። እሳቸው የቀበሌውን ወሬ እያዋዙ ሲያወሩላትም አንድ ጊዜ እንኳ አልሳቀችም። አክስትየው አዩ፣ አዩና ፈረዱ፤ ልጅቱን ጥርስ ይዟታል። «አላመመኝም» ብትል ማን ሰምቷት። «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» ብለው እጇን ይዘው በፍኖተ ሰላም አስፋልት እየጎተቱ እዚህ አስገቧት።

ጥርስስ አልያዛትም። ጣጣው ድዷ ላይ ነው፤ እሱም አያማትም። ዘጠነኛ ክፍል ልትገባ ስትል፣ በክረምቱ፣ የነቀሷት እትዬ ደጊቱ ራሳቸው ነበሩ። በአካባቢው ድድ በመንቀስ እንደሳቸው እጁ የተባረከ የለም ይባላል። በእሾህ እየወጉ ጥቀርሻውን አስገቡት፤ ድዷ አብጦ ሰነበተና ሲሽር ጠቆረ፣ ጥርሷም ወተት መሰለ። ገበያ ስትወጣ ዞሮ ያላያት አልነበረም። እናት አባት ለሌላት ልጅ እንዲያ መታየት ትንሽ ነገር አይደለም። ሳቅ አበዛች።

ልትማር ከተማ ስትገባም ሳቋን ይዛ መጣች። በመጀመሪያው ሳምንት የክፍሉ ልጆች በአሸናፊ ስልክ ሰልፊ ተነሡ። አሸናፊ ፎቶውን አጉልቶ አየና፣ «ይቺ ልጅ እስክሪብቶ አኝካ ነው እንዴ? ቀለሙ አፏ ውስጥ ፈሷል እኮ» አለ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። አሸናፊ ክፉ ልጅ አይደለም፤ በማግስቱ ረስቶታል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንጂ።

ከዚያ ወዲህ ቀልድ ሲመጣ ወደ መስኮት ታያለች። ልጆቹ መጀመሪያ ዓይን አፋር አሏት፣ ቀጥሎ ኩራተኛ፣ በመጨረሻም ምንም ማለታቸውን ተዉ። አብራት የተከራየችው ልጅ ቡሬ ዘመዶቿ ዘንድ ከሄደች በኋላ ደግሞ ባሰ። አንዳንድ ቀን ከትምህርት ቤት ተመልሳ እስክትተኛ አንድ ቃል ሳትናገር ታመሻለች። የሚከብዳት ትምህርቱ ሳይሆን ይሄ ነው።

«እናቴ፣ ትንሽ ውጭ ይጠብቁን» አለ ዶክተሩ። እትዬ ደጊቱ ቅር እያላቸው ወጡ።

ያን ጊዜ ከፈተች። ዶክተሩ በትንሿ መስታወት አንድ በአንድ አየ።

«ጥርስሽ እንኳን ሊታመም የሚያስቀና ነው። ምን ሆነሽ መጣሽ?»

ግድግዳው ላይ የሚስቁ ሰዎች ፎቶ ተለጥፏል፤ «በፊት» እና «በኋላ»። የበለዘ ማንጣት፣ የተሰበረ መሙላት፣ የተወላገደ በሽቦ ማቃናት። እሷን የሚመስል ግን የለም።

«ንቅሳቱ... ይለቃል?» አለች ቀስ ብላ።

ዶክተሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ይለቃል። አደንዝዘን የድዱን ላይ ላዩን እንልጠዋለን፣ ሲድን ሮዝ ሆኖ ይወጣል። በሌዘር የሚሠሩም አሉ። ጠልቆ የገባው ቀለም ትንሽ ሊቀር ይችላል፣ አልዋሽሽም። ለጤናሽ ከሆነ አያስፈልግሽም፤ ደስ እንዲልሽ ከሆነ የራስሽ ጉዳይ ነው። ግን ገና ልጅ ነሽ። አሳዳጊሽ ካልፈቀዱ አልነካውም።»

«የነቀሱኝ እሳቸው ናቸው።»

ዶክተሩ መስታወቷን አስቀመጠ።

«ድዷ ታሞ ነው ይበሏቸው። እባክዎ ዶክተር።»

«ያልታመመውን ታሟል አልልም» አለ በለሰለሰ ድምፅ። «ደኅና ነኝ ብለሽ መሄድ ትችያለሽ። እሱም አንድ አማራጭ ነው።»

በሩን ስትከፍት እትዬ ደጊቱ አጠገባቸው ለተቀመጠች ሴትዮ እያወሩ ነበር። «ልጄን ስትወጣ እይልኝ። ድዷን እኔ ነኝ የነቀስኳት፤ እንዲያ ያማረልኝ የለም።»

ሴትዮዋ ተራዋ ደርሶ ገባች። ሠርክአዲስ በሴትዮዋ ቦታ ተቀመጠች። «ደኅና ነኝ» ማለት ይቀላል፤ አክስቷ ደስ ብሏቸው አገራቸው ይገባሉ፣ እሷም ወደዚያች ኪራይ ክፍል ትመለሳለች። ነገ ደግሞ እሑድ ነው፣ የሚያናግራት የለም።

«እትዬ፣ ጥርሴን አላመመኝም» አለች። «ልጆቹ ሳቁብኝ። ንቅሳቱን ማስለቀቅ ፈልጌ ነው።»

እትዬ ደጊቱ የገዛ ጣቶቻቸውን ተመለከቱ። «ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ከመስከረም።»

«ከመስከረም እስከ ፋሲካ ሳትስቂ ከረምሽ?»

አንገቷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«የሚከፋዎ መስሎኝ።»

«ከፍቶኛል» አሉ እትዬ ደጊቱ። ተነሥተው ግን አልሄዱም። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «ይነሣልኝ ካልሽ እፈቅዳለሁ» አሉ።

ሠርክአዲስ ይህን ስትሰማ ደስ የሚላት መስሏት ነበር። ግን ደስ አላላትም፤ ያልነገረችው ሌላ ነገር እንዳለ ገባት።

«እሱን አስብበታለሁ» አለች። «ዛሬ ግን አይሂዱብኝ። እዚህ ይደሩልኝ። ብቻዬን መሆን ሰልችቶኛል።»

እትዬ ደጊቱ ከመቀነታቸው ስልካቸውን ፈትተው ጎረቤታቸው ቢያዝን ዘንድ ደወሉ። «ቢያዝን፣ ላሚቱን እለብልኝ። እኔ ከልጄ ዘንድ ነኝ።»