የሙጊ ድርሻ

«ሁለት መቶ ሃያ አንድ!»

ካዙሃ ዓይኗን አሸት አድርጋ የወጥ ቤቱን ሚዛን ደግማ አየችው። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ባለፈው እሑድ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ግራም ነበር። አይጥ መሰሉ የቤት እንስሳቸው፣ ሃምስተሩ ሙጊ፣ ሚዛኑ ላይ ባለው ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ እንደ ሊጥ ተዘርግቶ፣ አንድ እርምጃ ሳይራመድ ያለከልካል።

«የወፍራሞቹን ትግል፣ ሱሞ ልታስገቢው ነው እንዴ?» አለ ታላቅ ወንድሟ ሹንጎ፣ ካልሲውን እያጠለቀ። «ትንሽ ቢቆይ እኮ እሱ አንቺን ማሳደግ ይጀምራል!»

ካዙሃ አልሳቀችም። ከሦስት ሳምንት በፊት የእንስሳት ሐኪሟ የሙጊን ሆድ ዳስሳ የተናገረችው ከጆሮዋ አልወጣም። «ልቡ ይህን ሁሉ ሥጋ መሸከም አቅቶታል። በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ግራም ካልቀነሰ ይህን ብርድ አያልፈውም። ግን በአንዴ እንዳታስርቢው፤ ሃምስተር ረሃብ አይችልም።» ከዚያን ቀን ጀምሮ ካዙሃ ጥራጥሬውን በማንኪያ ትለካለች፤ የሚወደውን የሱፍ ፍሬ ከልክላዋለች፤ ካሮቱንም ፈልጎ እንዲያገኘው ወረቀት ውስጥ ትደብቅበታለች። በየጠዋቱ የቤቱን ክዳን ስታነሳ፣ ደርቆ ባገኘውስ እያለች መጀመሪያ ትንፋሹን ታዳምጣለች። ያ ሁሉ ድካም አልፎ እሱ ጭራሽ ይጨምራል።

«ተደብቀህ የምታበላው አንተ ነህ፣ አይደል?» አለችው ሹንጎን።

«እኔ? እኔ ራሴ መች ጠገብኩና! እናቴን አልነካሁትም!» ሹንጎ በእናቱ ከማለ አይዋሽም።

ሹንጎ ሲወጣ ካዙሃ የሙጊን ቤት ለማጽዳት ገለባውን መገልበጥ ጀመረች። ከመኝታው ሥር፣ ጥግ ላይ፣ ምግቡን የሚሸሽግበት ጉድጓድ ነበር። ውስጡን ስታየው ክው አለች። የደረቀ ነጭ ሩዝ ነው፣ ያውም ብዙ። ከመሃሉ ደግሞ የተቆረሰ ጣፋጭ የባቄላ ኬክ ተጣብቋል።

በቤታቸው እንዲህ ያለ ኬክ የሚቀርበው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ለእማማ።

አያቷ እማማ ካረፉ አሥር ወር ሆኗቸዋል። ሙጊም የእሳቸው ነበር፤ አሁንም ያለው የእሳቸው ክፍል ውስጥ ነው፣ ፎቶአቸው ከተቀመጠበት መታሰቢያ አጠገብ። በየጠዋቱ ከድስቱ መጀመሪያ የሚጨለፈው ሩዝ፣ እንደ አገራቸው ልማድ፣ በትንሽ ጽዋ ለእማማ ይቀርባል። ጥቂት ቆይቶ ይወርድና የቤት ሰው ይበላዋል። ለእማማ ቀርቦ የወረደ ምግብ አይጣልም።

በማግስቱ ካዙሃ ከወትሮው ቀድማ ተነሥታ በተንሸራታቹ በር ስንጥቅ አጮለቀች። ወንድ አያቷ፣ አባባ፣ ትንሿን ደወል መቱና እጃቸውን አጋጥመው ለፎቶው እጅ ነሡ። ከዚያ ጽዋውን አውርደው ግማሹን ጎረሱ። የቀረውን በጣታቸው እየቆነጠሩ ለሙጊ ይሰጡት ጀመር።

«ብላ እንጂ፣ አንተ ሆዳም» አሉ ሳቅ እያሉ። ወደ እማማ ፎቶ ዞሩና፣ «ዛሬም ሦስት ሆነን በላን፣ አይደል እሜቴ?»

ካዙሃ በሩን ልትከፍት እጇን አንሥታ መለሰችው። ከቀብሩ በኋላ አባባ ሁለት ሳምንት ሙሉ እህል በአፋቸው አልዞረም፤ ቃልም አልወጣቸውም። አንድ ጠዋት ራሳቸው ተነሥተው መብላት ሲጀምሩ ቤተሰቡ በደስታ አለቀሰ እንጂ፣ ምን አስጀመራቸው ብሎ የጠየቀ የለም። ለካ ከሙጊ ጋር ነበር የሚበሉት። አሁን ብትናገር ወደዚያ ዝምታ ይመለሱ ይሆን? ዝም ብትልስ?

ሙጊ የመጨረሻዋን ፍሬ ጉንጩ ውስጥ አጭቆ ወደ ጎጆው ሊወጣ ሞከረ። ተንከባለለና በጎኑ ወደቀ። ጎኑ ቶሎ ቶሎ ይርገበገባል፣ አይነሳም።

«ጠግቦ እኮ ነው» አሉ አባባ።

ካዙሃ በሩን ገፍታ ገባች። ሮጣ ሙጊን በሁለት መዳፏ አቀፈችው። ልቡ ከጣቷ ሥር ድልቅ ድልቅ ይላል። ትንፋሹን እየቆጠረች ጠበቀች፤ ዘመን የሚያህል ጊዜ ካለፈ በኋላ እግሮቹን ሰብስቦ ቀና አለ።

«አባባ፣ ሙጊ ታሟል።»

«እንዲህ እየበላ? ምን ሆኖ?»

«ከመጠን በላይ ወፍሮ። ልቡ ደክሟል። ካልቀነሰ ይሞታል ብላለች ሐኪሟ።»

የአባባ እጅ ባዶው ጽዋ ላይ ቀረ። ፎቶውን አዩ፤ ሙጊን አዩ።

«እኔ ነኝ እንግዲህ።»

አይ፣ እርስዎ አይደሉም ማለት ቀላል ነበር። ሹንጎ ነው፣ ዘር ነው፣ ዕድሜ ነው ማለትም ይቻላል።

«አዎ፣ አባባ። እኔም መንገር ነበረብኝ። ሩዝ እንደሚሰጡት አላወቅኩም እንጂ።»

የፈራችው ዝምታ መጣ፤ ትከሻቸው ሲወርድ፣ ከንፈራቸው ሲገጥም ታየዋለች። ለምን ተናገርኩ አለች በልቧ። አፍታ ቆይተው ግን አንገታቸውን እንደ ደፉ አጉተመተሙ።

«የሷ ምግብ አይጣልም። ብቻዬን ደግሞ... ብቻዬን አይወርድልኝም፣ ልጄ።»

ካዙሃ የትምህርት ቤት ባቡር እንዳያመልጣት ሁልጊዜ ቁርሷን ሳትበላ ነው የምትሮጠው። ዛሬ ግን ሙጊን ቀስ ብላ ገለባው ላይ አስተኛችው። ከዚያ ወጥ ቤት ሄዳ ጽዋው ላይ ሩዝ ጨምራ ተመለሰችና እማማ ፊት አኖረችው። ደወሉን መታች፣ እጇን አጋጠመች፣ አወረደችው። ከአባባ ፊት ተንበርክካ መዳፏን ዘረጋች።

«የሙጊን ድርሻ ለኔ ይስጡኝ።»

አባባ ከትኩሱ ሩዝ ቆንጥረው መዳፏ ላይ አኖሩላት፤ ለራሳቸውም ቆነጠሩ። ሁለቱም አላመጡ። ከኋላዋ ሙጊ አሁንም ያለከልካል፤ ካዙሃ እያንዳንዷን ትንፋሽ ትሰማለች።

«ነገስ?» አሉ አባባ፣ ቀና ሳይሉ።

«ነገም ቀድሜ እነሣለሁ» አለች።